ጂፒኤስ ሲያሳስት፦ ጥፋቱ የሳተላይቱ ነው ወይስ የካርታው?

በተለምዶ ጂፒኤስ የምንለው የመኪና መንገድ ጠቋሚ ሁለት ሥራዎችን አጣምሮ ይሠራል፤ አንደኛው ከሳተላይት በሚመጣ ሞገድ መኪናው የት እንዳለ ማስላት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን ነጥብ ካርታ ላይ አስቀምጦ መንገድ መምረጥ ነው። መሣሪያው ሲያሳስት ብዙ አሽከርካሪዎች «ኔትወርክ የለም» ብለው ያልፉታል፤ ሆኖም መፍትሔው ስሕተቱ ከየትኛው እንደመጣ ከመለየት ይጀምራል።

ለመለየት፣ ከሕንፃና ከዛፍ ርቀው መኪናውን ያቁሙና ስልክዎ ካርታ ላይ ያለውን ሰማያዊ ነጥብ ይመልከቱ። በነጥቡ ዙሪያ የሚታየው ፈዘዝ ያለ ክብ ስልኩ ራሱ የሚገምተው የስሕተት ስፋት ስለሆነ፣ ክቡ ሰፊ ከሆነ ችግሩ የሞገድ ነው። ክቡ ጠባብ ሆኖ ነጥቡ ከመንገዱ ውጪ ካረፈ ግን ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ይቀይሩት፤ ነጥቡ በምስሉ ላይ በሚታየው አስፋልት ላይ ከተገኘ የተሳሳተው በካርታው ላይ የተሣለው መስመር ነው። ይህን ማድረግ ያለብዎ በመተግበሪያው ላይ ጉዞውን ሳያስጀምሩ ነው፤ ምክንያቱም ጉዞ ከተጀመረ በኋላ መሣሪያው ነጥቡን ወደ ቅርቡ መንገድ ስቦ ስለሚያስቀምጠው ስሕተቱ ይሸፈናል።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚዞሩ ሲሆን፣ ቦታን ለማስላት ቢያንስ የ4ቱ ሞገድ ያስፈልጋል። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ተራ ስልክ እስከ 5 ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል። በሰንጋ ተራ እንዳሉት ባሉ ረጃጅም የባንክ ሕንፃዎች መካከል ግን ሞገዱ ከመስታወቱ እየተንጸባረቀ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ነጥቡ ወደ ጎረቤት መንገድ ሊዘል ይችላል። ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ የሚቀበል ስልክ ብዙ ሳተላይቶችን ስለሚያገኝ እዚህ ይሻላል። ስልኩን ከፊት መስታወቱ አጠገብ ያስቀምጡት፤ መስታወቱ ብረት ያለበት የሙቀት መከላከያ ከተለጠፈበት ሞገዱ ይዳከማል። ለመተግበሪያው ትክክለኛውን ቦታ የማየት ፈቃድ ይስጡ፤ ባትሪ ቆጣቢውንም ያጥፉ። ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ ኮምፓሱን ስለሚያውክ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ቀስቱ ወደ ኋላ ቢያመለክት አይደናገጡ፤ ጥቂት ሜትሮች ሲነዱ ይስተካከላል።

እንደ ጎተራ ማሳለጫ መንገዶች በተደራረቡበት ቦታ ሌላ ችግር አለ። ሳተላይት ከፍታን የሚለካው ከአግድም ቦታ ባነሰ ትክክለኛነት ስለሆነ፣ መሣሪያው ከላይ ይሁኑ ከታች ላያውቅ ይችላል። እዚያ የመንገድ ዳር ምልክቱን ያንብቡ። ዋሻ ውስጥ ደግሞ የመኪናውን የጎማ ዙርና የመዞር አቅጣጫ የሚያነብ፣ በፋብሪካ የተገጠመ መሣሪያ ከስልክ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ በፋብሪካ የተገጠመው መሣሪያ አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ካርታ የለውም። ለዱባይ ወይም ለቻይና የውስጥ ገበያ ተሠርቶ የመጣ መኪና የኢትዮጵያ ካርታ ላይኖረው ስለሚችል፣ ከመግዛትዎ በፊት «አዲስ አበባ» ብለው ይፈልጉበት፤ ከሌለው ስልክን ከመኪናው ስክሪን ጋር የሚያገናኙትን አንድሮይድ አውቶ ወይም አፕል ካርፕሌይ መቀበሉን ያረጋግጡ። የስልኩን ካርታ በመኪናው ስክሪን ማየት፣ በእኔ ግምት፣ ጊዜው ያለፈበትን ካርታ ለማሳደስ ከመክፈል የተሻለ ነው።

ሳተላይቱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ካርታው ግን ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከከተማ ከመውጣትዎ በፊት የሚሄዱበትን አካባቢ ካርታ በዋይፋይ ያውርዱ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ግን የትራፊክ መጨናነቅን አያሳይም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት መንገዶችና መታጠፊያዎች ስለተለወጡ፣ ቀደም ብሎ የወረደ ካርታ ካለዎት ያድሱት። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት የካርታ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበትን ኦፕንስትሪትማፕ የተባለ ካርታ ማንም ሰው ማረም ይችላል፤ የተዘጋ መታጠፊያ ሲያዩ ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ ማለት ነው።

የቤት ቁጥር ብዙም በማይሠራበት ከተማ፣ ከሰፈር ስም ይልቅ መጋጠሚያ ነጥብ፣ ማለትም ቦታውን የሚገልጹ ሁለት ቁጥሮች ይቀበሉ። እያንዳንዱ ቁጥር ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ 5 አኃዝ ካለው ትክክለኛነቱ 1 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የአዲስ አበባው የመጀመሪያ ቁጥር 9 አካባቢ፣ ሁለተኛው 38 አካባቢ መሆኑን ይመልከቱ፤ የመስቀል አደባባይን ቁጥሮች ቦታ አቀያይረው ቢያስገቡ ሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ይገባሉ።