ወደ ካቶሊክ ሠርግ ለሚሄድ የኦርቶዶክስ እንግዳ

የካቶሊክ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሠርግ የተጠራ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጋብቻው በየትኛው ሥርዓት እንደሚፈጸም ነው። በአዲስ አበባና በዓዲግራት ሀገረ ስብከቶች የሚሠራበት የግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ ተክሊሉም ዜማውም እንግዳ አይሆንበትም። በሐዋሳ፣ በሶዶና በሆሳዕና፣ እንዲሁም በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ አብዛኞቹ ቁምስናዎች (የካቶሊክ አጥቢያዎች) ግን ሥርዓቱ የላቲን ነው፤ የሚከተለውም እርሱን ይመለከታል።

ጫማ አይወለቅም፤ ወንድና ሴትም ሳይለዩ በአግዳሚ ወንበር አብረው ይቀመጣሉ። መቼ መነሣትና መቼ መቀመጥ እንደሚገባ ግራ ቢገባዎ ከፊትዎ ያሉትን ማየት ይበቃል፤ ሲንበረከኩ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም።

ከንባባቱና ከስብከቱ በኋላ ካህኑ ሙሽሮቹን ያለማንም አስገዳጅነት መምጣታቸውን፣ ዕድሜ ልክ ለመታመን መወሰናቸውን፣ ልጆችንም ለመቀበል መፍቀዳቸውን ይጠይቃቸዋል። ከዚያም ቀኝ እጃቸውን ተያይዘው ቃል ይገባባሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በላቲን ሥርዓት ትምህርት ምሥጢሩን አንዳቸው ለሌላቸው የሚፈጽሙት ሙሽሮቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ኦርቶዶክስን ጨምሮ በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ያለ ካህን ቡራኬ የማይጸናው ጋብቻ እዚህ የሚታሰረው በሁለቱ ቃል ነው። ድምፃቸው አንዳንዴ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ከሦስተኛው ረድፍ አልፎ አይሰማምና፣ በዚያች ደቂቃ ፎቶ ለማንሣት ከወንበር መነሣት፣ በእኔ እምነት፣ ስልክ ከማስጮኽ የባሰ ነው። ካህኑ «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» ሲል ቃሉ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ቀለበቱ ተባርኮ የሚጠለቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንጓው ላይ ተይዞ ሙሽራው ሲታገልም ፈገግታ ይፈቀዳል።

ቅዳሴ ካለ ሥርዓቱ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አንደኛው ወገን ካቶሊክ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ቅዳሴ ስለሚፈጸም በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ለቁርባን ሰው ሲሰለፍ በቦታዎ መቆየት ማንንም አያስቀይምም። በአንዳንድ አገሮች እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ቀርቦ ቡራኬ ብቻ መቀበል ተለምዷል፤ በቁምስናው መኖሩን ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

በመጨረሻ ሙሽሮቹና ሁለት ምስክሮች መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። ጥቂት ደቂቃ ስለሚወስድ ብዙ እንግዳ አለቀ ብሎ ይወጣል፤ እርስዎ ይጠብቁ፤ እልልታው የሚያምረው ፈርመው ወደ ሕዝቡ ሲዞሩ ነው።