የሕንፃ ኮንትሮለር ከሕንፃ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

የሕንፃ አውቶሜሽን ኮንትሮለር (የሕንፃን ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣና አየር በራሱ የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) የተሠራው ለቢሮና ለሆቴል ነው። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙ የማይርቅ ክፍል፣ ደረቅ ቦታ ላይ የተሰቀለ ሳጥን፣ ቀስ ብሎ የሚለወጥ አየር፣ ከውጭ ማንም የማይደርስበት ኔትወርክ። ዛሬ ያው ዕቃ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ ግሪንሃውስ፣ ዶሮ ቤት፣ ሰርቨር ክፍልና ፋብሪካ ውስጥ ይገጠማል፤ በጌትዌይ (የዕቃዎቹን መስመር ከሌላ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) በኩልም ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ሰርቨር፣ ይወጣል። እዚያ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ቢሮ ውስጥ እውነት የነበረ አንድ ነገር እዚህ እውነት ስላልሆነ ነው። ፍለጋውም ከዚያ ይጀምራል።

በእጅ መኖር ያለባቸው፦ መልቲሜትር፣ ከዩኤስቢ ወደ አር.ኤስ 485 (ዕቃዎቹ የሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ሽቦ መስመር) መቀየሪያ፣ ዋየርሻርክ (የኔትወርክ መልእክት የሚያሳይ ፕሮግራም) የተጫነበት ላፕቶፕ፣ ሁለት የ120 ኦም ሬዚስተር፣ እና ስህተቱ ከ1 ፐርሰንት የማይበልጥ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር።

ምልክት፦ ሴንሰሩ ሲሞከር ልክ ነበር፣ መጋዘኑ ሲቀዘቅዝ ግን ይዋሻል

ምክንያት፦ ባለ 10 ኪሎ ኦም ቴርሚስተር (ኦሙ ከሙቀት ጋር የሚለወጥ ሴንሰር) አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በብዛት የሚገጠሙት ዓይነት 2 እና ዓይነት 3 ናቸው። ሁለቱም 25 ዲግሪ ላይ 10,000 ኦም ስለሚያሳዩ ቢሮ ውስጥ ቢቀያየሩ ማንም ልብ አይለውም። 0 ዲግሪ ላይ ግን ዓይነት 2 ወደ 32,650 ኦም፣ ዓይነት 3 ወደ 29,490 ኦም ይሆናል። ኮንትሮለሩ ላይ ዓይነት 2 ተመርጦ የተገጠመው ዓይነት 3 ከሆነ፣ 0 ዲግሪ የሆነውን ክፍል 2 ዲግሪ ገደማ ነው ብሎ ያነበዋል። ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ኮምፕረሰሩም የማይደርስበትን ሙቀት ሲያሳድድ ያድራል።

መፍትሄ፦ ሴንሰሩን ከኮንትሮለሩ ይንቀሉ። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ውሃ ይጨምሩና ሴንሰሩን መሃል ላይ ያስገቡ። አልፎ አልፎ እያማሰሉ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ኦሙን ይለኩ። ወደ 32 ሺህ ተኩል ከቀረበ ዓይነት 2፣ ወደ 29 ሺህ ተኩል ከቀረበ ዓይነት 3 ነው። ኮንትሮለሩ ላይ ዓይነቱን ያስተካክሉ። 2 ዲግሪ ቀንሶ ማለፍ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ግን የሚያርመው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ ሴትፖይንቱ (እንዲደረስበት የታዘዘው ዋጋ) ሲቀየር ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል።

ዓይነቱ ልክ ሆኖም ንባቡ ከተሳሳተ፣ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሩን ኮንትሮለሩ ተርሚናል ላይ ያስሩ፤ 25 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ካሳየ ሬዚስተሩን ወደ ኬብሉ ሌላ ጫፍ ይውሰዱት። እዚያ 25 ካላሳየ ችግሩ መንገድ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ነው። እርጥበት ሲገባበት ኦሙ ይወርዳል፣ ቴርሚስተር ሲሆን ደግሞ ኦም ወረደ ማለት ሙቀት ጨመረ ማለት ነው። መገጣጠሚያውን ወደ ውጭ ያውጡት፤ ካልተቻለ ጄል ያለው ማያያዣ ይጠቀሙ።

ባለ ሁለት ሽቦ ፒቲ 100 (0 ዲግሪ ላይ 100 ኦም የሆነ የፕላቲነም ሴንሰር) ላይ የኬብሉ ርዝመት ራሱ ስህተት ነው። 50 ሜትር ርቀት ላይ 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል ደርሶ መልስ 3.5 ኦም አለው፤ ይህ 9 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በፒቲ 1000 ያው ኬብል 0.9 ዲግሪ ብቻ ያሳስታል። ስለዚህ ወይ ፒቲ 1000፣ ወይ ባለ ሦስት ሽቦ።

ምልክት፦ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ 6553.5 ያሳያል

በጌትዌይ በኩል በሞድባስ (ዕቃዎች ቁጥር የሚለዋወጡበት ቋንቋ) የሚነበብ ዕቃ ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን ማንም አይቶት አያውቅም፣ ክፍሉ ከዜሮ በታች ወርዶ አያውቅምና። የሞድባስ ሬጅስተር (አንድ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ) 16 ቢት ነው። ዕቃው ‑0.1 ዲግሪን በ10 አባዝቶ ‑1 ብሎ ይልካል፤ ጌትዌዩ ምልክት የሌለው (ከዜሮ በታች የማይወርድ) ቁጥር አድርጎ ሲያነበው 65535 ይሆናል፣ በ10 ሲካፈል 6553.5። ሬጅስተሩን ምልክት ያለው 16 ቢት ብለው ያዋቅሩት፣ በቃ።

ዜሮ ወይም እጅግ ትንሽ ቁጥር ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሁለቱ ሬጅስተሮች ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይሆናል። 25.0 የሚለው ባለ 32 ቢት የነጥብ ቁጥር በሁለት ሬጅስተር ሲቀመጥ 16840 እና 0 ነው። ጥሬውን አንብበው 0 ቀድሞ 16840 ከተከተለ፣ ጌትዌዩ ላይ የቃላት ቅደም ተከተል መገልበጫውን ያብሩ። የጎረቤት ሬጅስተር ዋጋ ከመጣ ደግሞ የቁጥር አጀማመሩ ነው፦ መመሪያው ላይ 40001 የተባለው መስመሩ ላይ 0 ተብሎ ይላካል፤ አንድ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ።

ምልክት፦ ዕቃዎቹ ከመስመሩ ይጠፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ በተለይ ሞተር ሲነሳ

መጀመሪያ ኃይሉን ሁሉ ያጥፉና በሁለቱ የአር.ኤስ 485 ሽቦዎች መካከል ኦም ይለኩ። 60 አካባቢ ከሆነ በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም አለ፣ ጥሩ ነው። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ባዶ ነው ወይም ሽቦ ተቆርጧል። 40 ከሆነ አንድ ሰው መሃል ላይ ሦስተኛ ጨምሯል፤ ብዙ ጊዜ አዲስ በተገጠመ ዕቃ ውስጥ ከፋብሪካው እንደበራ የመጣ ትንሽ ማብሪያ ነው። ያጥፉት።

ኃይሉን መልሰው ንግግር በሌለበት ጊዜ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ከ200 ሚሊቮልት ካነሰ መስመሩ ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚል አያውቅም፤ አንድ ዕቃ ላይ ብቻ የባያስ ሬዚስተር (ሥራ የፈታውን መስመር በአንድ ደረጃ የሚይዝ) ያብሩ። ፕላስና ማይነሱ ደግሞ በአምራቾች መካከል ተገልብጦ ስለሚጻፍ አንድ ዕቃ ብቻ ዝም ካለ ሁለቱን ሽቦ አቀያይሮ መሞከር ነውር የለውም፤ ዕቃውን አይጎዳም።

ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመረው ጠላት ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ነው። የመረጃ ኬብሉ ከሞተር ኬብል ጋር በአንድ ትሬ ከሄደ ይለዩት፤ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ መገናኘት ግድ ከሆነ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሻገር። ሺልዱ (የኬብሉ የብረት ልባስ) በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት ይያዝ። ሁለት ፓናል ከተለያየ ትራንስፎርመር የሚመገቡ ከሆነ የመሬታቸው ቮልት ሊለያይ ይችላል፤ አር.ኤስ 485 የሚችለው ከ‑7 እስከ +12 ቮልት ነው። ከዚያ ካለፈ ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። መፍትሄው አይሶሌሽን ያለው ሪፒተር (የሁለቱን ወገን ኤሌክትሪክ ለይቶ መልእክቱን ብቻ የሚያሳልፍ) ነው፣ ቺፕ እየቀያየሩ መኖር አይደለም።

ሽቦው ንጹሕ ሆኖ ባክኔት ኤም.ኤስ/ቲ.ፒ (የሕንፃ ዕቃዎች ቋንቋ የሆነው ባክኔት በአር.ኤስ 485 ሽቦ ሲሄድ) ላይ አንድ ዕቃ ፈጽሞ ካልተገኘ አድራሻውን ይዩ። የማስተር (በተራው ራሱ መናገር የሚችል ዕቃ) አድራሻ ከ0 እስከ 127 ነው። ፍጥነቱን ለመጨመር ሲባል “ማክስ ማስተር” (የሚፈለገው ትልቁ አድራሻ) ወደ 30 ከተቀነሰ በኋላ አድራሻው 45 የሆነ ዕቃ ቢጨመር፣ ማንም ስለማይፈልገው ተራው አይደርሰውም።

ምልክት፦ አዲሱ ጌትዌይ እንደተሰካ ትራንስፎርመሩ ጋለ ወይም ፊውዝ ወረደ

ነባር የሕንፃ ኮንትሮለሮች ብዙዎቹ 24 ቮልት ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይሩት በግማሽ ሞገድ (የሞገዱን አንድ ጎን ብቻ በመውሰድ) ነው፤ አንዱ የኤሲ እግራቸው ከሲግናል ኮመን ጋር አንድ ነው። ብዙ ጌትዌዮች ሙሉ ሞገድ ናቸው፣ ሁለቱንም ጎን ይወስዳሉ። ሁለቱ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ሆነው በመረጃ ኬብሉ ኮመን ሲገናኙ፣ በጌትዌዩ ዳዮድ በኩል በአንዱ ግማሽ ሞገድ ሾርት ይፈጠራል። ጌትዌዩን በራሱ ትራንስፎርመር ወይም በራሱ ዲሲ ፓወር ሰፕላይ ይመግቡት። ግማሽ ሞገዶቹ በአንድ ላይ መቆየት ይችላሉ፣ የሁሉም እግር በአንድ አቅጣጫ እስከታሰረ ድረስ።

ምልክት፦ ትዕዛዙ ሄዷል፣ ማሽኑ አልሰማም

የባክኔት ውጤት (ማሽኑን የሚያዝ አውትፑት) 16 የቅድሚያ ደረጃ አለው፤ 1 ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ቴክኒሻን ደረጃ 8 ላይ በእጅ “ዝጋ” ብሎ ከሄደ፣ ክላውዱ ደረጃ 10 ላይ ቀኑን ሙሉ “ክፈት” ቢል ምንም አይሆንም። የቅድሚያ ዝርዝሩን ሙሉ ያንብቡ፣ የያዘውን ደረጃ ያግኙና እዚያው ደረጃ ላይ “ነል” (ባዶ) ይጻፉ። 0 መጻፍ መልቀቅ አይደለም፤ ዝጋ ማለት ነው።

የዚህ ዘመድ የሆነ፣ ዘግይቶ የሚታይ ሌላ ችግር አለ። ክላውዱ የኢንቨርተር ሴትፖይንት በየደቂቃው ይጽፋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ኢንቨርተሩ የማስታወሻ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ብዙ ጊዜ 100,000 ጊዜ ሊጻፍበት የሚችል ኢኢፕሮም (ኃይል ሲጠፋም የማይረሳ ቋሚ ማስታወሻ) ላይ በደቂቃ አንዴ ከተጻፈ 69 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ቋሚ ባልሆነው ማስታወሻ ላይ የሚጽፈውን ሬጅስተር ይምረጡ፤ ዋጋው ሲለወጥ ብቻ እንዲጻፍም ያድርጉ።

ምልክት፦ ቫልቩ ያለ ዕረፍት ይከፈታል ይዘጋል

የሕንፃ ቫልቭ አክቹዌተር (ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ ሞተር) ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ብዙውን ጊዜ 90 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለክፍል ሙቀት በቂ ነው። በሰከንዶች የሚለወጥ ግፊትን ግን አይደርስበትም፤ ሲደርስ ግፊቱ አልፏል፣ ሲመለስም እንዲሁ። የፒአይዲ (ኮንትሮለሩ ምን ያህል እንደሚያስተካክል የሚያሰላበት ቀመር) ቁጥሮችን ማባበል እዚህ ጊዜ ማባከን ነው። ፈጣን አክቹዌተር ያስገቡ፣ ወይም ፈጣኑን ሥራ ለፒኤልሲ (ፈጣን የፋብሪካ ኮንትሮለር) ሰጥተው ለሕንፃ ኮንትሮለሩ ሴትፖይንት መስጠትና መከታተል ብቻ ይተዉለት። የሰው ደህንነት የሚጠብቅ መቆለፊያ ከሆነ ፈጽሞ አያስገቡበት፤ እሱ የራሱ ሽቦና የራሱ ሪሌ ይኑረው።

ምልክት፦ ዕቃዎቹ ከአንድ ኔትወርክ ይታያሉ፣ ከሌላው አይታዩም

ባክኔት አይፒ በዩዲፒ ፖርት 47808 “ማን አለ?” ብሎ በብሮድካስት (ለሁሉም በአንዴ በሚላክ መልእክት) ይጠይቃል፤ ራውተር ደግሞ ብሮድካስት አያሳልፍም። በእያንዳንዱ ሰብኔት (በራውተር የተለየ የኔትወርክ ክፍል) አንድ ቢቢኤምዲ (ብሮድካስቱን ወደ ሌሎቹ ሰብኔቶች የሚያሻግር ዕቃ) ያድርጉ፤ ሁሉም የሌሎቹን አድራሻ በሰንጠረዡ ይያዝ። አንድ ሰብኔት ላይ ሁለት ከሆኑ ያው ጥያቄ እየተደጋገመ መስመሩን ያጨናንቃል፤ ዋየርሻርክ ላይ አንዱ “ማን አለ?” ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመጣ ያዩታል። አንድ ዕቃ ብቅ ጥልቅ ካለ ደግሞ የዕቃ መለያ ቁጥሩ ከሌላ ጋር ተመሳስሎ እንደሆነ ያጣሩ፤ ቁጥሩ በመላው ኔትወርክ ልዩ መሆን አለበት። ሁለት ቦታዎች ሲገናኙ ሁለቱም ጋ ቁጥር 1 ይኖራልና።

ምልክት፦ ክላውዱ ላይ ያለው ዋጋ አይታመንም

ሁለት ጌትዌይ በየጥቂት ሰከንዱ እየተፈራረቁ ከተቋረጡ፣ የኤምኪውቲቲ (ጌትዌይ ለክላውድ መልእክት የሚልክበት ቋንቋ) ክላየንት መለያቸው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ሲገባ ብሮከሩ (መልእክቱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ሰርቨር) የመጀመሪያውን ያስወጣዋል። ቅንብሩን ገልብጦ ሁለተኛ ጌትዌይ ላይ የጫነ ሰው ሁሌም ይህን ያገኘዋል። መለያውን ይቀይሩ።

ጌትዌዩ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ 4 ዲግሪ ብሎ ከቀጠለ፣ ያ ብሮከሩ ላይ የተቀመጠ አሮጌ መልእክት ነው። ከእያንዳንዱ ዋጋ ጋር ሰዓቱን ይላኩ፤ የመጨረሻ ኑዛዜ መልእክትም ያዋቅሩ፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ብሮከሩ “ጠፍቷል” ብሎ እንዲያውጅ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጌትዌዩ በፖርት 8883 (የተመሰጠረው የኤምኪውቲቲ መግቢያ) አልገባም ካለ የሰዓቱን ባትሪ ይዩ። ቀኑ ወደ 1970 ከተመለሰ ሰርተፍኬቱ ገና ሥራ ያልጀመረ ይመስለዋል፣ ግንኙነቱንም ይከለክላል። ባትሪውን ይቀይሩ፤ ጌትዌዩም ከመግባቱ በፊት በፖርት 123 ሰዓት እንዲያስተካክል ያድርጉ።

ማንም ያልሰጠው ትዕዛዝ ከመጣ ፖርት 47808 ለኢንተርኔት ተከፍቶ እንደሆነ ራውተሩ ላይ ይመልከቱ። መደበኛው ባክኔት አይፒ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የደረሰበት ሁሉ መጻፍ ይችላል። ዛሬውኑ ይዝጉት፣ ከርቀት መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መንገድ) ይሁን፣ ዕቃዎቹ ከፈቀዱም ወደ ባክኔት ኤስሲ (ምስጠራና ሰርተፍኬት ያለው ባክኔት) ያሻግሩ። ከዘጉ በኋላ የውጤቶቹን የቅድሚያ ዝርዝር አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ያልታወቀው ሰው የጻፈው ትዕዛዝ እስኪለቀቅ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው።