እባብ ለሚመግቡ፦ በሕይወት ያለች አይጥ፣ የበረደች አይጥ እና ሰልችቶኝ የጻፍኳቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት እንስሳት ሱቅ፣ የእባብና የእንሽላሊት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ድሮ በዚያ በር የሚገባ አበሻ ካየሁ መንገድ የጠፋው ነበር። አሁን እዚህ የተወለዱት ልጆች እባብ ካልተገዛልን እያሉ ወላጆቻቸውን ጎትተው ያመጣሉ፤ ወላጅም ዓይኑን ጨፍኖ ካርዱን ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የሚገዙት ከምዕራብ አፍሪካ የመጣውን ቦል ፓይተን ወይም የዚሁ የአሜሪካ ልጅ የሆነውን ኮርን ስኔክ ነው። ሁለቱም መርዝ የላቸውም፤ ረጋ ያሉ ናቸው፤ በደንብ ከተያዙ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራሉ። ጣጣው የሚጀምረው ምግቡ ላይ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሞታ ፍሪዘር ውስጥ የበረደች፣ በደንብ ቀልጣ የሞቀች አይጥ በሕይወት ካለችው ትሻላለች። ለእባቡም፣ ለአይጧም፣ በጅምላ ስለምትገዛ ለኪሳችሁም።

አይጥ ለቅቆ መተኛት

ይኼኛው ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ሰውየው አመሻሽ ላይ መጥቶ አንድ ትልቅ አይጠ መጎጥ ይገዛል። የእባቡ የመስታወት ቤት፣ ታንኩ ውስጥ ይለቀዋል። እባቡ ዝም። “ሲርበው ይበላዋል” ይልና መብራቱን አጥፍቶ ይተኛል። እዚያ ታንክ ውስጥ ሌሊቱን የሚርበው ግን እባቡ አይደለም። እባብ ሳምንታት ሳይበላ ይቆያል። አይጠ መጎጥ ግን ምግብ የለው፣ ውኃ የለው፣ መሸሸጊያ የለው፤ የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድግ ፍጥረት ስለሆነ አንድ ነገር ማኘኩ አይቀርም። አጠገቡ ያለው ሥጋ ደግሞ የእናንተ እባብ ነው።

“እባብ እያለ እንዴት በአይጥ ይበላል?” ይሉኛል። ያልራበው እባብ፣ ብርድ ላይ ያለ እባብ፣ ቆዳውን ሊቀይር ሲል ዓይኑ እንደ ወተት የደፈረሰበት እባብ አይዋጋም። ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን መሐል ይደብቃል፤ ውጭ የሚቀረው ጀርባው ነው። አንድ ጎልማሳ ቦል ፓይተን በፎጣ ተጠቅልሎ መጣልን። ፎጣውን ስገልጠው መሐል ጀርባው ላይ የጣት ርዝመት ያህል ቆዳው የለም፣ ሥጋውም የለም፤ የአከርካሪው አጥንት ነጭ ነጭ ብሎ ተደርድሮ ይታያል። እባብ ድምፅ አውጥቶ አይጮህማ። ባለቤቱ ግድግዳ ለይቶት ተኝቶ ነበር፣ ምንም አልሰማም። ወደ ሐኪም ላክናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ቁስል ቢድንም ወራት ይፈጃል፣ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ ቆዳ በተቀየረ ቁጥር እያስቸገረ ይኖራል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሌላ ችግር አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እዚህ ግን የደነበረው እባቡ ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተነከሰ እባብ አይጥ ሲያይ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ጊዜ አለ፤ ያን እባብ መልሶ ማስለመድ አበሳ ነው።

ሌላ ነገር አልቀበልም የሚል እባብ ገጥሟችሁ በሕይወት ያለ ነገር መስጠት ግድ ከሆነ፣ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልነካት አውጧት። ረጅም ጉጠት በእጃችሁ ይሁን፤ እባቡ ቢጠመጠምባትም አይጧ ፊቷ ነጻ ከሆነ ዓይኑን ልትነክስ ትችላለች። ጓደኛ ሰብስቦ፣ ስልክ ደግኖ፣ “እንካ በላት!” እያለ የሚጮኸውን ወንድሜን ግን ምን እንደምለው አላውቅም። በእንግሊዝና በዌልስ የምትኖሩ ደግሞ የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ አይጧንም ከአላስፈላጊ ሥቃይ እንደሚጠብቃት አትርሱ። የሞተ የለመደ እባብ “አደኑን ይረሳል” የሚለው ወሬ ወሬ ነው፤ ጉጠቱ ላይ ያለችውን አይጥ እንዴት ተወርውሮ እንደሚይዛት ያየ አይለውም።

ቀዝቃዛ አይጥ ሰጥቶ “አልበላም አለ” ማለት

በሳምንት ውስጥ ይህን አቤቱታ የማልሰማበት ቀን ጥቂት ነው። ቦል ፓይተን የላይኛው ከንፈሩ ዳር ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ በእነሱ ሙቀት ያያል ማለት ይቻላል። በጨለማ ከአካባቢዋ የሞቀች ነገር ስታልፍ ምግብ መሆኗ ይገባዋል። ከፍሪጅ የወጣች ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ እንደ ድንጋይ ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማታ ከፍሪዘር አውጥታችሁ፣ በታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሯት። በማግሥቱ ልትመግቡ ስትሉ ከነከረጢቷ ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሯት፤ የሚያቃጥል ሳይሆን እጃችሁን አስገብታችሁ የምትችሉት ውኃ። ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። ከዚያ ሆዷን በሁለት ጣት ጫን አድርጉ። ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር ከተሰማችሁ መሐሏ ገና በረዶ ነው፤ ወደ ሙቁ ውኃ መልሷት። የሰውነቷ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት 100 ገደማ ሲደርስ፣ አድርቃችሁ ጭንቅላቷን ለብቻው እንደገና ሙቅ ውኃ ነከር ወይም በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት። ከሁሉም የሞቀው ጭንቅላቷ ሲሆን እባቡ እዚያ ያነጣጥራል፤ ከጭንቅላት የጀመረ ደግሞ ያለችግር ይውጣል። በወገቧ በጉጠት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አወዛውዟት። እጃችሁን አታቅርቡ፤ የአይጥ ሽታ ያለው ሞቃት እጅና አይጥ ለእሱ ልዩነት የላቸውም።

ኮርን ስኔክ እነዚያ የሙቀት ጉድጓዶች የሉትም፤ በማሽተትና በማየት ነው የሚያድነው። ለዚህ ነው የኮርን ስኔክ ባለቤቶች በቦል ፓይተን ባለቤቶች ጭንቀት የሚስቁት።

ማይክሮዌቭ አይሆንም። ዳሯ በስሎ መሐሏ በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ትፈነዳለች። ማይክሮዌቩም የእናንተ ምግብ ማሞቂያ ነው። የቀለጠችውንም መልሶ ፍሪዘር ማስገባት አይቻልም፤ ካልበላት ትጣል።

አይጥና እንጀራ በአንድ ፍሪዘር

አንዲት እናት ከልጇ ጋር መጥታ፣ የበረዱ አይጦች ያሉበትን ከረጢት ስሰጣት፣ “የት ነው የማስቀምጠው?” አለችኝ። ፍሪዘር ውስጥ አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና “ከእንጀራዬ ጋር?” አለች። ልጁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እትዬ ትክክል ናቸው፤ ሳቄን ይዤ ነው እንጂ በልቤ አጨብጭቤላቸዋለሁ። በረዶ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም አይገድልም፤ ያቆየዋል እንጂ። አሜሪካ ውስጥ በ2014 በተለያዩ ስቴቶች ሰዎች ታመው፣ የበሽታው ምንጭ ለእባብ ምግብ የሚሸጡ የበረዱ አይጦች ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከተቻለ ትንሽ ለብቻው የሆነ ፍሪዘር፤ ካልተቻለ ክዳኑ የሚገጥም፣ ስም የተጻፈበት ዕቃ፣ ከታችኛው መደርደሪያ። የምታቀልጡበት ሳህን ወጥ የሚቀርብበት እንዳይሆን። ሥራው ኩሽና ውስጥ አይሠራ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለ ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተሳቢ እንስሳ ባይኖር ይሻላል ይላል። ይህን ለደንበኛ ስነግር ሽያጭ እንደማጣ አውቃለሁ።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው

መጠን፦ የአይጧ ውፍረት ከእባቡ ወፍራሙ አካል ብዙም አይብለጥ። ለትንሽ ቦል ፓይተን ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሆነች አይጥ በሳምንት አንዴ ትበቃዋለች። ትልቁ በየሁለት ሳምንቱ ወይም ከዚያ ዘግይቶ። “ያሳዝናል፣ ይጨመርለት” የምትሉ፣ እንግዳ ቤት አይደለም፤ ወፍራም እባብ የታመመ እባብ ነው።

ቤት ውስጥ በወጥመድ የያዛችኋትን አይጥ አትስጡ። ጎረቤታችሁ የበተነውን መርዝ በልታ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ጋርተር ስኔክ ያላችሁ ወርቃማዋን ዓሣ (ጎልድፊሽ) አዘውትራችሁ አትስጡ፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አላት።

ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አትንኩት። ልጆች ያበጠውን ሆድ ለጓደኛ ለማሳየት ሲያነሡት ይተፋዋል። ከተፋ ደግሞ ወዲያው ሌላ አይጥ አትስጡት፤ ሁለት ሳምንት ያህል አሳርፉትና ከወትሮው ባነሰች ጀምሩ።

በሁለተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ

በሕይወት ያለ ሲበላ የኖረውን እባብ ወደ በረደችው ለማዛወር ሞክረው፣ አንዴ እምቢ ሲላቸው “የእኔ አመለኛ ነው” ብለው ተመልሰው ሕያው አይጥ የሚገዙ አሉ። እባቡም ዕድሉን አግኝቶ ይማራል፦ እምቢ ካልኩ የምትሮጠው ትመጣለች።

መጀመሪያ ቤቱን እዩ። የሞቃቱ ወገን ሙቀት በፋራናይት 90 አካባቢ ካልሆነ፣ ጭንቅላቱን የሚያስገባበት ጠባብ መደበቂያ ከሌለው፣ በሕይወት ያለችም ብትሆን አይበላም፤ ቢበላም አይፈጭለትም። ሙቀቱን በመገመት ሳይሆን በመለኪያ እወቁ። ከዚያ አንድ ሳምንት አስርቡት። ሲመሽ፣ ብርሃን ቀንሳችሁ፣ የሞቀችውን አይጥ መደበቂያው በር ላይ አወዛውዟት። ካልያዛት እዚያው በሩ ላይ አስቀምጣችሁ ሂዱ፤ የሞተች አይጥ አትነክሰውም፣ ጠዋት ካልበላት ትጣላለች። የምትሰጡት እሱ የለመደው ዓይነት አይጥ መሆኗንም አረጋግጡ፤ ትንሿን አይጥ ሲበላ የኖረ እባብ አይጠ መጎጥ ስታቀርቡለት ላያውቀው ይችላል።

ጎልማሳ ቦል ፓይተን፣ በተለይ ወንዱ፣ በብርድ ወራት ከምግብ መራቁ የታወቀ ነው። የኩሽና ያልሆነ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙና ክብደቱን በየሳምንቱ ጻፉ። ክብደቱ ካልወረደ ውኃ እየቀየራችሁ ተዉት። መውረድ ከጀመረ፣ ወይም አፉ ላይ አረፋ ካያችሁ፣ ወይም ሲተነፍስ ፉጨት ከሰማችሁ፣ ከአይጥ ጋር መታገሉን ትታችሁ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እያንዳንዱ የእንስሳት ሐኪም እባብ አያይም፤ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።