ባሕር ዳር በሳይክል፦ ጠዋት ቤዛዊት፣ ከሰዓት ጣና ዳር

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው፣ ዳር ዳራቸውም ዘንባባ ተተክሏል፤ ለሳይክል ከዚህ የተመቸ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ዙር ውስጥ ዳገት የሚባለው አንድ ብቻ ነው፣ ቤዛዊት። የቀኑን አካሄድ የሚወስነውም እሱ ነው። «ቤዛዊት ጀንበር ስትጠልቅ ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። በመኪና ለሚሄድ ይሁን። ኮረብታው ግን ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ሐይቁንና ከተማውን ታበራላችኋለች፤ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ደግሞ ቁልቁለቱን በጨለማ፣ መብራት በሌለው የኪራይ ሳይክል መውረድ አለ።

ሳይክሉን በዋዜማው ተከራዩ። ጠዋት ሱቅ እስኪከፈት ስትጠብቁ ጥሩው ሰዓት ያልፋል። ዋጋው በሰዓት ነው ወይስ በቀን፣ ጎማ ቢተነፍስ ማን ይከፍላል የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ያለውን ጭረትም በስልክ ፎቶ አንሱት።

ከዚያ ፈትሹ። የፍሬን እጀታውን እስከ መጨረሻው ስትጨብጡት ከመሪው ጋር ሁለት ጣት ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። ላስቲኩ ቸርኬውን ይንካ እንጂ ጎማውን አይንካ፤ ጎማውን ከነካ በአንድ ቁልቁለት ይበላዋል። ባለ 26 ጎማ ከሆነ ከ40 እስከ 45 ፒ.ኤስ.አይ. ነፋስ ይበቃዋል። መለኪያ ከሌለ በአውራ ጣት ስትጫኑት ጥቂት ብቻ መስጠት አለበት። ከዚያ በላይ አታስሞሉ፤ በየቦታው የተለጠፈ ካላማዳሪያ ፀሐይ ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ማጣበቂያውም በሙቀት ይላላል። ሳይክሉን ሁልጊዜ ጥላ ሥር አቁሙት የሚባለው ለዚህ ነው። የመቀመጫው ከፍታ፦ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። አብዛኛው ሰው ዝቅ አድርጎ ይነዳና ከሰዓት ጉልበቱን ያመዋል።

ፔዳሎቹንም ነቅንቁ። የላላ ፔዳል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጥርሱ ከተበላ ግን ቀኑ እዚያው ላይ ያበቃል። የቀኙ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ግራ ነው። ይህን ሳያውቅ የግራውን «አጠብቃለሁ» ብሎ የሚፈታ ብዙ ነው። ካምታታችሁ ሁለቱም ወደ ሳይክሉ ፊት ሲዞሩ ይጠብቃሉ ብላችሁ ያዙት።

ሁለት ሊትር ውኃ፣ ኮፍያ፣ መለወጫ ካላማዳሪያና ትንሽ መንፊያ ያዙ። የሐይቅ ዳር መሬት እሾህ አያጣውም። ጎማ ሲተነፍስ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱ፤ የተሰካው እሾህ ካልወጣ አዲሱም ወዲያው ይተነፍሳል። ጎሚስታ በየሰፈሩ አለ፣ ከድልድዩ ማዶ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አባይ ድልድይ ንዱ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ለእግረኛና ለሳይክል የተለየ መስመር አለው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃ ካለ ጠይቁ። በዚህ መንገድ ላይ የሚያስፈራው የጭነት መኪና ሳይሆን ባጃጅ ነው፤ እጁን ያወጣ ሰው ሲያይ ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ይቆማል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁት፤ ልታልፉት ስትሉ ኋላችሁን አይታችሁ በግራ እለፉ።

ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ወደ ቤዛዊት ትወጣላችሁ። ከላይ ያለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው፤ የሚኬደው ግን ለዕይታው ነው። በተለይ አባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳገቱን ማርሽ ከሌላችሁ ገፍታችሁ ውጡት፣ ማንም አይስቅባችሁም። ስትወርዱ ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉት፣ ከፊተኛው ይልቅ የኋላውን ቀደም አድርጋችሁ። ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ቸርኬውን ያግለዋል፣ የተለጠፈውም ይለቃል።

ወደ 4 ሰዓት ገደማ ስትመለሱ የጠዋቱ ቅዳሴ ስለሚያበቃ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ይመቻል። ሳይክሉን ውጭ ቆልፉ፤ ሴቶች ነጠላ ይዘው ቢመጡ ይሻላል። ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ትልቁ ገበያ ጢም ይላል፤ እዚያ በእግር ሂዱ፣ ሳይክል ይዞ መግባት ትርፉ መጋፋት ነው።

ምሳ አሳ ነው። ሙሉ የተጠበሰ ቆረሶ ስታዝዙ ቶሎ አይደርስምና እንደተቀመጣችሁ እዘዙ። አጥንት መልቀም የሚሰለቸው አምባዛ ይጠይቅ። ረቡዕና ዓርብ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተው ትተነዋል። ከምሳ በኋላ እስከ 9 ሰዓት እረፉ፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የቀትር ፀሐይ አይቻልም።

ከሰዓት ሐይቁ ዳር ነው። በማንጎ መናፈሻ በኩል ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ የእግረኛ መንገድ ስለሆነ ሰው ሲበዛ ውረዱ። ታንኳ ታያላችሁ፦ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው፣ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወጥቶ ይደርቃል። ለመታጠብ ሐይቁ አትግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለበት። የደብረ ማርያምን ደሴት ወይም የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ማየት ካማራችሁ ጀልባ ያዙና ሌላ ቀን መድቡላቸው። ጢስ አባይም ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚህ ቀን ጋር አይደረብም። ከከተማ የሚያስወጣ መንገድ ሁሉ ሰላም መሆኑን በዕለቱ ጠዋት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሲመሽ ለግጦሽ ከውኃ ይወጣል፤ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ሲያገኝ ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከዳሩ ተነሱ፤ ሳይክሉን ለባለቤቱ ስትመልሱም ከመክፈላችሁ በፊት አብራችሁት እዩት፣ የዋዜማውን ፎቶም አውጡ።