ማሪዮን ግድግዳ አሳልፎ ወደ «-1» ማስገባት

ልጅ ሆነን ጌም ቤት ውስጥ የማይጠፋ ወሬ ነበር። ማሪዮ ግድግዳ አልፎ የሚገባበት ስቴጅ አለ ይባላል። አየሁ የሚል ግን የለም። ሁሉም የሚለው «የአክስቴ ልጅ አይቷል» ነው። ውሸት መስሎኝ ነው ያደግኩት። ባለፈው ክረምት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ሞከርነው። ሦስት ማታ ፈጀብን እንጂ ገባን።

የሚያስፈልገው በፈረንጆቹ 1985 የወጣው የመጀመሪያው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ነው። ኦሪጅናል ካሴት ፍለጋ አትልፉ። ፋብሪካ እንዳሸገው የቆየ አንድ ካሴት ሚያዝያ 2021 (እ.ኤ.አ.) በ660,000 ዶላር ተሽጧል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ ሌላው 2 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። እኛ የገዛነው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ላዩ ላይ «9999999 በ1» ይላል። ውስጡ ያሉት ጌሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ስማቸውን እየቀያየሩ ይደጋገማሉ። ማሪዮ ካለበት ይበቃል።

ካሴቱ አልነሳ ካለ እፍ አትበሉበት። ሁላችንም ያደግንበት ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን የትንፋሽ እርጥበት የብረት ጥርሶቹን ያበላሻል። ጥጥ በአልኮል አርሶ ጠረግ ማድረግ ይሻላል። ቴሌቪዥኑም ጀርባው ትልቅ የሆነው አሮጌው ቢሆን እመርጣለሁ። በአዲሶቹ ስስ ቴሌቪዥኖች ቁልፉን ስትጫኑና ማሪዮ ሲዘል መሃል ትንሽ መዘግየት አለ። ለሌላ ጊዜ አይታወቅም፤ እዚህ ግን ጉድ ይሠራል።

ጆይስቲኩ ላይ ከሁለቱ ቁልፎች በላይ ሌሎች ሁለት አሉ፣ ጣታችሁን ባታነሱም ራሳቸው እየደጋገሙ የሚተኩሱት። እነሱን አትንኩ። የመጀመሪያውን ማታ ሙሉ ያቃጠልኩት በነሱ ነው። ማሪዮ እንደ ፌንጣ እየዘለለ መስበር የሌለብኝን ጡብ ሁሉ ሰበረብኝ።

አሁን ወደ ሥራው። 1-1ን (የፊተኛው ቁጥር ዓለሙ ነው፣ የኋለኛው ስቴጁ) ጨርሱና 1-2 ግቡ። ማሪዮ ትልቅ መሆን አለበት፣ ትንሹ ጡብ መስበር አይችልም። እንጉዳይ ካመለጣችሁ 1-2 መጀመሪያ ላይ ካሉት አምስት የጥያቄ ምልክቶች የግራው ውስጥ አለ። ከዚያ ሳትነኩ እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ በጎን ተኝቶ መውጫ የሆነው ቧንቧ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። አትግቡ።

ቧንቧው ላይ ውጡ። ከላይ የጡብ ጣሪያ አለ። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን የመጨረሻውን ጡብ ተዉት። ከሱ በስተግራ ያሉትን ሁለቱን ስበሩ። ሁለቱን ብቻ። የመጨረሻው ከተሰበረ ነገሩ አብቅቷል፣ ሙቱና 1-2ን እንደገና ሞክሩ።

ሰው ሁሉ የሚቀረው ከዚህ በኋላ ነው። ማሪዮን የቧንቧው ግራ ጠርዝ ላይ አቁሙት፣ እግሩ ሊወድቅ እስኪመስል ድረስ። ፊቱ ወደ ግራ መሆን አለበት። ቁጢጥ አድርጉትና እንደተቀመጠ አዝልሉት። አየር ላይ እያለ ወደ ቀኝ ያዙ። ፊቱ ግራ እንዳየ በጀርባው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያ የተዉነው ጡብ ጥግ ላይ ሰውነቱ በትክክል ከገባ ጌሙ ይደናገራል። ግድግዳ ውስጥ የገባን ሰው ወደ ውጭ መግፋት አለበት፣ ግን ወደ ግራ በመመለስ ፈንታ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ማሪዮ እንደቆመ በጡቡ ውስጥ እየተንሸራተተ ያልፋል።

ሲሳሳት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ከቆመ ጡቡን በጭንቅላቱ ይመታና ይወርዳል። ወደ ቀኝ ቶሎ ከያዛችሁ ግድግዳው መልሶ ይጥለዋል። እኔ የማደርገው ስህተት ዝላዩ ሳይጀምር ቀኝን መንካት ነበር፤ ያኔ ፊቱን ያዞራል፣ ሁሉም ይበላሻል። የእህቴ ልጅ ነው ያየልኝ። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ዝለል፣ ከዚያ ሂድ» አለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አርባ ጊዜ ያህል ሳንሞክር አልቀረንም።

ካለፈ በኋላ ወደ ሌሎች ዓለሞች የሚያሻግሩ ሦስት ቧንቧዎች ያሉበት ክፍል ነው። አትዘዋወሩ። የእንግሊዝኛው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው ቧንቧ ውስጥ ግቡ።

ለምን ቢባል፣ ጽሑፉ ሲወጣ ነው ጌሙ ለሦስቱ ቧንቧዎች 4፣ 3 እና 2 የሚሉትን ቁጥሮች የሚሰጣቸው። ከዚያ በፊት የያዘው 4-2 ውስጥ ያለውን ሌላ ክፍል ቁጥር ነው። እዚያ መሃሉ 5 ነው፣ ግራና ቀኙ ባዶ ናቸው። ጌሙ ባዶ ቦታ የሚስልበት ሥዕል ቁጥር ደግሞ 36 ነው፣ ያንን እንደ ዓለም ቁጥር ይወስደዋል። ስለዚህ ወደ 36-1 ይወስዳችኋል። 36 ባዶ ሥዕል ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው «-1» ብቻ ነው።

ስቴጁ ውሃ ውስጥ ነው፣ 7-2ን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። መጨረሻው ላይ ያለው ቧንቧ ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል። ሰዓቱ እስኪያልቅ መዋኘት ነው፣ መውጫ የለውም። በጃፓን በ1986 (እ.ኤ.አ.) በዲስክ የወጣው ላይ ግን ሦስት ስቴጆች አሉት፣ ሲጨርሱት ያልቃል።

ስልካችሁን ከመጀመራችሁ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጡ። ይህ ጌም ሴቭ አያደርግም። እኛ የገባን ማታ ልጁ «ስልክ፣ ስልክ» እያለ ወደ መኝታ ቤት ሲሮጥ መብራት ሄደ። ፎቶ ያለን ከሳምንት በኋላ በድጋሚ የገባነው ነው። የመጀመሪያውን ያየነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ትምህርት ቤት ሄዶ «አጎቴ አይቷል» ሲል ማንም አላመነውም።