ማይክሮሶፍት ቲምስ ላይ አውቶማቲክ መልእክት 3 ሰዓት ዘግይቶ ለሚመጣባችሁ

ባህር ዳር የጀልባ ጉዞ ነው የምንሰራው፣ ወደ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረት የሚሄዱ እንግዶች ዝርዝር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቲምስ ግሩፑ ውስጥ ራሱ እንዲፖስት በፓወር አውቶሜት (ስራን በራሱ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም) ተሰርቶ ነበር። ግን 4 ሰዓት ላይ ከች ይላል፣ ጀልባዋ ሄዳ እንግዶቹ ገዳሙን እየጎበኙ ነው እኮ 😂

ቢሮ ውስጥ ሁሉም የሀበሻና የፈረንጅ ሰዓት ተምታቶ ነው አለ፣ እሱ ቢሆን ግን ልዩነቱ 6 ሰዓት ነበር የሚሆነው። 3 ሰዓት ከሆነ ነገሩ ታይም ዞን ነው፦ ሪከረንስ (ፍሎው፣ ማለትም አውቶማቲክ ስራው፣ መቼ እንደሚነሳ የሚሞላበት ቦታ) ላይ ታይም ዞን ካልተመረጠ በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው የሚሄደው፣ እኛ ደግሞ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን።

ስለዚህ ፍሎውን ኤዲት በሉና ሪከረንስ ውስጥ ታይም ዞኑን ናይሮቢ አድርጉት (አዲስ አበባ እያላችሁ አትድከሙ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም)፣ ሰዓቱን በፈረንጅ 7 ሙሉ፣ ሴቭ፣ አለቀ። መልእክቱ ውስጥ የሚጻፈው ሰዓት ግን በዚህ አይስተካከልም፣ እሱም በዩቲሲ ስለሚመጣ ከፖስቱ በፊት ኮንቨርት ታይም ዞን የሚለውን አክሽን ጨምሬ ከዩቲሲ ወደ ናይሮቢ እንዲቀይር አደረኩት። አሁን ካፒቴኖቹ ነዳጅ ሳይቀዱ ዝርዝሩ ስልካቸው ላይ አለ።