ለስካውት ቡድን ገንዘብ ማሰባሰቢያ፦ ቆሎ ቆልቶ መሸጥ

ለካምፕ ጉዞ ገንዘብ የሚያስፈልገው የስካውት ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሎ ቢሸጥ ይሻላል፤ መነሻው ትንሽ ነው፣ ያልተሸጠውም ቶሎ አይበላሽም።

8 ኪሎ የተፈተገ ገብስ፣ 1 ኪሎ ሽምብራ እና 1 ኪሎ ለውዝ ግዙ። ሦስቱ እኩል ስለማይበስሉ ለየብቻ ይቆሉ። ምጣዱ ዘንድ አዋቂ ሰው ይቁም። ከዚያ በሰፌድ በሰፌድ ዘርግታችሁ፣ እጃችሁን ስትከቱበት ሙቀት እስከማይሰማችሁ ጠብቁ። ብዙ ቡድን የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፦ ትኩሱ ፌስታል ውስጥ ሲታሰር ያልበዋል፣ በማግስቱ ከጥርስ ሥር ቀጭ ማለቱ ይቀራል፤ ደንበኛም አይመለስም።

ዋጋ የሚወጣው ከቆላችሁ በኋላ ነው። እሳት ክብደት ስለሚቀንስ ከ10 ኪሎ እህል ባለ 100 ግራም 100 ከረጢት አይወጣም። መዝኑ፤ የእህሉን፣ የከሰሉን እና የፌስታሉን ወጪ ደምራችሁ ለከረጢቶቹ ቁጥር አካፍሉ፤ መሸጫው ቢያንስ የዚህ እጥፍ ይሁን።

ወደ አመራሩ ስንመጣ፣ በስካውት ልማድ አንድ ፓትሮል (በቡድኑ ውስጥ ያለ ንዑስ ቡድን) ከ6 እስከ 8 ልጆች ይይዛል፣ መሪውም ከልጆቹ አንዱ ነው። አሠልጣኙ ሥራውን ለፓትሮል መሪው ይንገርና ክፍፍሉን ይተውለት። ሁሉንም ራሱ የሚያዝ አሠልጣኝ ካለ ልጆቹ ተሸካሚ ብቻ ይሆናሉ። ሻጮች ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ። ገንዘብ የሚይዘው ልጅ መዝገቡን አይያዝ። ማታ የተሸጠውና የተመለሰው ተደምሮ ጠዋት ከወጣው ጋር ካልገጠመ፣ ሳይበተኑ እዚያው ይጣራ። ለቅምሻም 2 ከረጢት አስቀድማችሁ መዝግቡ፤ ልጆቹ መቅመሳቸው አይቀርም።